የ1960 ሞዴል ነገር

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ
ጉለሌ፣ ከእጽዋት ማዕከሉ በታች

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬስ? ሙሽራይቱስ? እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከወገቤ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የወገቤን ምክንያት ከታች ያገኙታል።

የልጅዎ ሠርግ ለጥር እንደተቆረጠ፣ ፎቶውም በእጽዋት ማዕከሉ ጽዶች መሃል እንደሚነሳ፣ ሙሽሮቹም የኪራይ ሊሞዚን ትተው በርስዎ ሼቭሮሌት ፒክአፕ እንደሚሄዱ በደብዳቤዎ ላይ ሳነብ ዕንባዬ መጣ። ቀጥሎ ግን «የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የ1960 ሞዴል ቸርኬና የጎማ ክዳን ፈልገህ ላክልኝ፤ አሜሪካ ምን ይጠፋል» ይላል። ዕንባዬ እዚያው ደረቀ።

ጋሼ፣ አሜሪካ ብዙ ነገር ይጠፋል። መጀመሪያ የጠፋብኝ ቋንቋዬ ነው። በሰፈሬ ያለ ጋራዥ ገብቼ «ቸርኬ» ብል ሰዎቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሊገባቸው እንደሆነ ብዬ «ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ስፖኪዮ፣ ክሪክ» እያልኩ ጨመርኩላቸው። እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ ሁሉ እንግሊዝኛ ይመስለኝ ነበር! ለካስ የአዲስ አበባ ጋራዥ ሲናገር የኖረው ጣልያንኛ ነው። ጣልያንን አድዋ ላይ አሸንፈን ሸኘነው፣ ዳግመኛ መጥቶም በአምስት ዓመቱ ወጣ፤ መኪናችን ሥር ተኝቶ የቀረውን ግን ማንም አላየውም።

ከዚያ በኋላ በእጄ እያሳየሁ መግዛት ጀመርኩ። ከዋሽንግተን ከሁለት ሰዓት በላይ በመኪና ሲነዱ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሄርሺ የምትባል የቸኮሌት ከተማ አለች፤ በዋናው ጎዳና ላይ የተተከሉት የመንገድ መብራቶች ሳይቀሩ የቸኮሌት ቅርጽ አላቸው። እዚያ በየዓመቱ በእኛ መስከረም ማለቂያ ላይ፣ በ1935 (በፈረንጅ) የተመሠረተው የጥንት መኪና ወዳጆች ማኅበር ትልቅ ገበያ ያቆማል። የመኪና ዕቃ ገበያችንን ሶማሌ ተራን ያስቡ፤ ግን ሜዳ ሙሉ ሆኖ፣ ሻጩ በተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ፣ «ና ግባ ወንድሜ» የሚል ድምፅ ጠፍቶ። ማንም እጄን ስላልጎተተኝ ለግማሽ ቀን ያህል የማይፈለግ ሰው መስዬ ዞርኩ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደረስኩ። «የ1960 ሼቭሮሌት ፒክአፕ የጎማ ክዳን» አልኩት። አራት አወጣልኝ፤ እንደ መስተዋት ያበራሉ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ከፍዬ ስጨርስ ለኩራት ያህል የርስዎን መኪና ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አውጥቶ አየና «ልጄ፣ ይህቺ የ1960 አይደለችም። ሼቭሮሌት በ1967 የፒክአፑን ቅርጽ ቀይሯል፤ ይህቺ ከዚያ ወዲህ የተሠራች ናት» አለኝ።

ተቆጣሁ። «ባለቤቱ አጎቴ ናቸው፤ ከርስዎ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ» አልኩት። ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ነገሩ በራልኝ፤ ጋሼ የጻፉልኝ በእኛ አቆጣጠር ነው! የእኛ 1960 በፈረንጅ ከመስከረም 1967 እስከ ጳጉሜ 1968 መሆኑ ነው። ገንዘቤን እንዲመልስልኝ የጳጉሜን ምሥጢር ከነሠግር ዓመቱ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝና «ክዳኖቹ ምንም እንከን የለባቸውም፤ እንከኑ ያለው ካላንደራችሁ ላይ ነው» ብሎ ቡናውን ቀጠለ። ባለቤቴ አሁን ሳሎን ውስጥ አንዱን የቁልፍ ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

ስለ ክዳኑም አንድ ነገር ላጫውትዎ። ይህን የቸርኬውን መሃል ብቻ የሚሸፍነውን ትንሹን ክዳን አሜሪካኖች «የውሻ ሳህን» ይሉታል፤ ገልብጠው ቢያስቀምጡት ውሻ ይበላበታልና። እትዬ ይህን ሳይሰሙ ቀድመዋቸዋል፤ ከመኪናዋ ኦሪጅናል ክዳኖች ሦስቱ በጎጃም መንገድ ተስፈንጥረው ሲቀሩ፣ አራተኛውን የዶሮ ውኃ መጠጫ ያደረጉት እኔ ገና ሱሪ ሳልታጠቅ ነው። ሌላው ስሙ ደግሞ «የድህነት ክዳን» ነው፤ ጌጠኛውን ትልቁን ክዳን ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው የሚገጠም ስለነበር። ዛሬ የሚሰበስቡት ስለበዙ ድህነቱ ተወድዷል። እኔ ከአገሬ የወጣሁት ድህነትን ሸሽቼ ነበር፤ ይኸው በዶላር እየገዛሁት ነው።

ክዳኑ ብቻውንም አይበቃም። የድሮው ቸርኬ ክዳኑን ቆንጥጠው የሚይዙ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። መኪናዋ አሁን የተጫማችው የላንድክሩዘር ቸርኬ ግን እነዚያ ጥርሶች የሉትም፤ ድዱ ብቻ ነው፤ ክዳን አይነክስም። ስለዚህ ቸርኬውም መቀየር አለበት። እዚህ ላይ ሻጩ ትልቅ ትምህርት ሰጠኝ። ከ1967 እስከ 1970 (በፈረንጅ) የተሠራው ግማሽ ቶን ፒክአፕ ስድስት ብሎን ነው፤ ከ1971 ጀምሮ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳው አምስት ብሎን ሆኗል። በስድስቱ ላይ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል ፊት ለፊቱ እስካለው ቀዳዳ መሃል ቢለኩ 139.7 ሚሊሜትር፣ በእነሱ አምስት ኢንች ተኩል ነው። የላንድክሩዘሩም ልክ ይኸው ነው!

ያን ጊዜ የአዲሱ ገበያው ጎሚስታ ትዝ አለኝ። ኦሪጅናሉ ቸርኬ ሲሰነጠቅ፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ የላንድክሩዘር ቸርኬ አውርዶ፣ በስንዝሩ ለክቶ፣ «ገባ» ያለው ሰውዬ። እኔ አራት መቶ ኪሎሜትር ገደማ ደርሶ መልስ ነድቼ የደረስኩበትን እውቀት እሱ በአንድ ስንዝር ጨርሶታል።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ አንድ ምክር ልስጥዎ፤ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ያን የላንድክሩዘር ቸርኬ እንዳይጥሉት፤ እንዳይሸጡትም። ቀና ብለው ዳገቱን ይመልከቱ። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባቋቋሙት በዚያ 705 ሄክታር ላይ ማዕከሉ የሚደክመው ለዚሁ ነው፤ የተራራውን ኦሪጅናል ቸርኬ ለመመለስ። ጽዱን፣ ኮሶውን፣ ወይራውን፣ ዝግባውን መልሰው ይተክላሉ። ነገር ግን ባሕር ዛፉን በአንድ ሌሊት መንግለው አልጣሉትም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚተኩት። ዘሩ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ፣ ውኃውን ቢመጥም ቅሉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ እንጀራችንን የጋገረው እሱ ነው። የርስዎም መኪና ያን ቁልቁለት ባሕር ዛፍ ተሸክማ የወረደችው፣ አሁን ደግሞ ችግኝ ጭና የምትወጣው በዚሁ በባዕድ ቸርኬ ነው። ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው ስለ ባሕር ዛፍ ክፉ ሲናገር ደስ አይልም።

አሁን ወደ ወገቤ ልምጣ። ከሽማግሌው ዘንድ ትክክለኛ ባለ ስድስት ብሎን ቸርኬ አገኘሁ፤ ያለው ግን ሁለት ብቻ ነው። ትክክለኛው ክዳን ደግሞ አንድ ብቻ። ቸርኬዎቹን ተሸክሜ ያን ሁሉ ሜዳ ሳቋርጥ ወገቤ ተናጋ። ሁለቱ ቸርኬዎች የአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ሊጨርሱ ጥቂት ነው የቀራቸው። ለጥምቀት የሚመጣ አንድ ወዳጄ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት፤ «መድኃኒት መስሎኝ እሺ አልኩህ» እያለ እስካሁን ይወቅሰኛል። አራት ቢሆኑ ኖሮ ወዳጅነታችንም አብሮ ይቀር ነበር።

ስለዚህ የሚደረገው እንዲህ ነው። ሁለቱን ቸርኬ በቀኝ በኩል፣ አንዱን ከፊት ሌላውን ከኋላ ያስገጥሙ። በግራ ላንድክሩዘሩ ይቆይ። የጎማዎቹ ቁመት ግን ግራና ቀኝ እኩል ይሁን፤ አለዚያ ሙሽሮቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነብሉና ሰው ጠጅ አብዝተው ነው ይላል። ፎቶ አንሺው ከቀኝ በኩል ብቻ ይቁም። ወደ ግራ ሊዞር ቢል ጽድ እያሳዩ ያዘናጉት፤ በማዕከሉ ጽድ ሞልቷል።

አንድ ክዳን ይጎድለናል፤ እሱ ያለው ዶሮዎቹ ዘንድ ነው። እትዬ እንደማይሰጡ አውቃለሁ፤ ይለምኑልኝ። በአመድ ታጥቦ በሎሚ ቢፈተግ የልጃቸውን ሠርግ ያደምቃል። በምትኩ አንዱን የ1960 ክዳን (በፈረንጅ!) ሻንጣው ውስጥ ጨምሬላቸዋለሁ። ዶሮዎቹ ካላንደር ስለሌላቸው አያማርጡም።

ከእንግዲህ ግን ጋሼ፣ ዓመት ሲጽፉልኝ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹልኝ።

አክባሪዎ
ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂንያ