ቤት በመንኰራኵር

በፈረንሣይ አገር፣ ከብሪታኒ ጠረፍ እስከ ሜዲትራንያን ዳርቻ፣ ባልና ሚስት አልጋቸውንና ምድጃቸውን በአንድ መኪና ጭነው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያደሩ እንደሚኖሩ የሰማ የባሕር ዳር፣ የፋሲሎ ሰፈር ሰው «ወይ ሥልጣኔ!» ብሎ ቢደነቅ፣ የገዛ አገሩን ዜና መዋዕል እንደ ዘነጋ ይቈጠርበታል፤ ነገሥታታችን፣ አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን እስኪቈረቍሩ ድረስ፣ ለብዙ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውን በድንኳን አድርገው፣ ካህኑንና ወጥ ቤቱን፣ ታቦቱንና ጠጁን አስከትለው ከአገር አገር ይዞሩ ነበርና። ልዩነቱ፣ ፈረንጁ ስንቁን ከገበያ ሲሸምት፣ ያን ሁሉ ሠራዊት ግን የሚቀልበው ድንኳኑ የተተከለበት ባላገር መሆኑ ነው።

የመዞሩ ወግ ዛሬም አልታጐለም። በፋሲሎ የተከራዩ ባልና ሚስት፣ አከራያቸው «ልጆቼ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ሊመጣብኝ ነውና ቤቱን ልቀቁልኝ» ባሉ ቍጥር፣ ፍራሹን ጠቅልለው፣ ድስቱን በድስት ውስጥ ሸጕጠው፣ የአልጋውን እግር በባጃጁ ጎን አስወጥተው፣ ከዘንባባው ጥላ ሥር የጣናን ነፋስ እየተቀበሉ ወደ ሌላ ሰፈር ይሻገራሉ። ፈረንሣዮቹ ጥሪታቸውን አፍስሰው የሚገዙትን ይህን የእንግድነት ጸጋ የእኛዎቹ ያለ ልመና ሲታደሉት፣ «ቱሪስት» የሚለው ማዕርግ ለእነዚያ ብቻ መሰጠቱ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።