የሦስተኛው እጅ ጥያቄ፦ ስለ ዳይፐር መቀየሪያ ሥፍራ የተደረገ ጥናት

ለሕፃን ክፍል ዕቃ የመምረጥን ጉዳይ በአዲስ አበባ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሊያጠና የተነሳ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የሕፃን ክፍል የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ሁለተኛ መኝታ ቤት አለ። በውስጡም ከልጁ ቀድመው የገቡ ነዋሪዎች አሉ፦ ያልተፈታ ሻንጣ፣ የበዓል ሰሃን የታሸገበት ካርቶን፣ ቆሞ የቀረ የስፖርት ብስክሌት፣ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ። ይሁን እንጂ እርግዝናው ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ወላጆች ግድግዳውን ውሃ ሰማያዊ ይቀቡና «የልጁ ክፍል» ይሉታል። ልጁ ሲወለድ ከእናት ከአባቱ መኝታ ቤት ይገባል፤ በልጁ ክፍል አያት ይተኛሉ።

ይህ ከዕውቀት ማነስ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ተሳስተዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ሕፃን ቢቻል የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ወላጆቹ በሚተኙበት ክፍል፣ ግን በራሱ አልጋ ይተኛ ብሎ ይመክራል። አካዳሚው ያላብራራው ነገር ቢኖር በልጁ ክፍል ማን ይተኛ የሚለውን ነው፤ ይህን ክፍተት የእኛ አያቶች ሞልተውታል።

የሕፃን አልጋ በሦስት ይከፈላል፤ የተገዛ፣ የተሠራ፣ ዘዋሪ። የተገዛው ሱቅ ውስጥ ሲታይ ትራስ፣ ድብ አሻንጉሊትና የተጠለፈ ብርድ ልብስ ሞልቶበታል። ሐኪሞች ደግሞ ሕፃን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ አሻንጉሊት ይተኛ ስለሚሉ፣ አልጋው ውስጥ መቅረት የሚፈቀድላቸው ፍራሹና ልጁ ብቻ ናቸው፤ ዓይናችንን የሳበው ሁሉ ይወጣል። የተሠራውን አናጺ ይሠራዋል። በርብራቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ቢነገረው ሦስት ጣቱን አንስቶ «ይቺን ታህል?» ይላል፤ የአናጺ ጣት ውፍረት ግን እንደየሰው ነው። ዘዋሪው ከአክስት ወደ እህት፣ ከእህት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ የኖረ፣ በየደረሰበት ቤት አንድ ብሎን እየጣለ የመጣ አልጋ ነው። አሜሪካ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋ እንዳይሸጥ የከለከለችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ ዘዋሪ ጎኑ አክስት ቤት ሳለ በሽቦ ስለታሰረ ሕጉን ቀድሞ አክብሯል ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ልጅ ሳይሆን የታጠበ ልብስ ቢተኛበት ይሻላል፤ የሚተኛበትም እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ።

መቀየሪያ ጠረጴዛ ማለት ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ዙሪያው ከፍ ያለ ጠርዝ፣ ሥሩ መሳቢያ ያለው ዕቃ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሚቀይረው ሰው ጎንበስ ቀና ከማለት ይድናል። አናጺው ፎቶውን ስልክ ላይ አይቶ «ይሄማ ቀላል ነው» ይላል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ለቅዳሜ ይቀጥራል። ዕቃው በእርግጥም ቅዳሜ ይመጣል፤ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልተነገረም እንጂ። ሲመጣ መስተዋት አለው። መስተዋት ያዘዘ የለም፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ለሙሽራ ዕቃ ሲሠራ የኖረ ሰው መስተዋት የሌለው ነገር ከእጁ ወጥቶ እንዲያሰድበው አይፈቅድም። በሁለቱም ጎን አበባ ተፈልፍሎበታል። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አንድ እግሩ ይወልቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ልጅ ይቀየርበታል። በሁለተኛው ካውያ ይቀመጥበታል። በሦስተኛው ዋይፋዩ ወደዚያ ይዛወራል፤ ሶኬቱ ከጀርባው ነውና። ከወር በኋላ ቤቱን የጎበኘ ሰው ዕቃው ለምን እንደተሠራ መገመት አይችልም፤ መስተዋቱ ፊት ቆሞ ግን ጸጉሩን ያስተካክላል። ልጁ በወላጆቹ አልጋ ጫፍ፣ ላስቲክ ተነጥፎለት ይቀየራል።

ጠረጴዛው ለምን ተሸነፈ? ነገሩ የሒሳብ ነው። ሰው ሁለት እጅ አለው። አንዱ የልጁን ሁለት እግሮች ከቁርጭምጭሚታቸው ይዞ ወደ ላይ ያነሳል፤ ይህ እጅ ከልጁ ላይ አይለቅም፤ በዚህ ሐኪምም አያትም ይስማማሉ። ሁለተኛው ይጠርጋል፤ ከጠረገም በኋላ በሥነ ሥርዓት ሌላ ነገር መንካት አይችልም። ስለዚህ ንጹሑን ዳይፐር የሚዘረጋ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። የፈረንጁ መቀየሪያ ጠረጴዛ ይህን እጅ በመሳቢያ ተክቶታል፤ ሁሉን ነገር በአንድ ክንድ ርቀት ያኖራል። አራስ ቤት ግን በአንድ ክንድ ርቀት የምትገኘው አክስት ናት። ሰው ስለሞላ ዳይፐሩ የትም ቢቀመጥ ችግር የለም፤ ችግር ስለሌለም የትም ይቀመጣል። የሚቀይረው ሰው ከአልጋው ጫፍ ሆኖ «እስቲ ዳይፐር አቀብሉኝ!» ብሎ ይጣራል። ይህን ጥሪ ሰምቶ የሚነሳውን ሰው በዚህ ጥናት አቀባይ እንለዋለን።

አቀባይ ጥንታዊ ነው። ፓምፐርስ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1961 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለእኛ ሰፈር ለመድረስ ጊዜ ወስዶበታል። ከዚያ በፊት ከአሮጌ አንሶላ የተቀደደው የሽንት ጨርቅ ጓሮ ገመድ ላይ ነበር፤ አቀባዩም እስከዚያው ይሮጥ ነበር። ክረምት ላይ ደርሶ ዳስሶ «አልደረቀም!» ብሎ ይመለስና ጨርቁ ከሰል ምድጃ አጠገብ ወንበር ላይ ይሰጣል። ከዚያ ዘመን ጋር ሲነጻጸር የዛሬው አቀባይ ሥራው ቀላል ነው። እንደዚያ አይመስለውም።

የአቀባይ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። በጥልቀት ሊጠና የሚገባው ግን ጠያቂ አቀባይ ነው፤ በአብዛኛው የልጁ አባት ነው።

«የት ነው ያለው?»

«ኮመዲኖው ላይ!»

«የቱ ኮመዲኖ?»

ቤቱ ውስጥ ያለው ኮመዲኖ አንድ ነው። ጥያቄው መልስ ፍለጋ የቀረበ አይደለም፤ ፍለጋው መጀመሩን ለማሳወቅ ነው። ዝም ብሎ የሚፈልግ ሰው ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሰው በድምፅ አይለይምና።

«እዚህ ምንም የለም እኮ!»

«ሥሩን እየው!»

«ሥሩ ቻርጀር ነው ያለው።»

«ከቻርጀሩ ኋላ!»

«አሃ፣ አገኘሁት። አረንጓዴው ነው ሰማያዊው?»

እዚህ ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል። አረንጓዴው ጥቅል ቁጥር 1 ነው፤ ልጁ አልፎታል። ተከፍቶ ግማሹ የቀረ ጥቅል ግን አይጣልም፤ «አንድ አራስ ቤት ስንሄድ ይዘን እንሄዳለን» ይባላል። አራስ ቤት ሲኬድ ይረሳል። በዚህ ምክንያት ያለፈው ቁጥርና የአሁኑ ቁጥር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አባትም ሁልጊዜ የሚያነሳው ያለፈውን ነው። ይህ ከዕድል ሕግ ጋር ይጋጫል። ሁለት ጥቅል ካለ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነሳ ሰው እንኳ በግማሹ ጊዜ ትክክለኛውን ማምጣት ነበረበት።

ጠያቂ አቀባይ ንዑስ ዓይነቶች አሉት። ስልክ እያወራ የሚያቀብለው ስለ ብረት ዋጋ እየተናገረ ዳይፐሩን ማንም ወደሌለበት አቅጣጫ ይዘረጋል። ሙሉ ጥቅሉን የሚያመጣው ዳግመኛ ላለመጠራት ነው፤ ሲመለስ ሶፍቱን አላመጣም። ከሁሉም የሚያስደንቀው «ሌላስ?» የሚለው ነው። ይህ ሰው ዳይፐሩን ካቀበለ በኋላ በሩ ላይ ይቆማል። ሶፍት እንደሚያስፈልግ ያያል። የቫዝሊኑ ክዳን እንዳልተከፈተ ያያል። ያገለገለው ዳይፐር ተጠቅልሎ አልጋ ልብሱ ላይ እንደተቀመጠ፣ እየተንከባለለም እንደሆነ ያያል። ከዚያ በቅን ልቡና «ሌላስ?» ይላል። «ሶፍት» ሲባል «የት ነው ያለው?» ይልና ጥናቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሆኖም አንድ ነገር አልተፈታም። ይኸው ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መብራት ሳያበራ፣ በባዶ እግሩ፣ ማንም ሳይጠራው ይነሳል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከነሶፍቱ ይዞ ይመጣል። ቀን ቀን ይህ ችሎታው የት እንደሚገባ አልታወቀም።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ሐኪም አቀባይ አክስት ናት፤ ዳይፐር ከማቀበሏ በፊት መስኮት ትዘጋለች፣ «ኧረ ልጁን በረደው!» ትላለች፣ ያገለገለውን ከፍታ አይታ ቀለሙን ታጠናና ለእናትየው አብሽ ታዝዛለች። አራስ ጠያቂዋ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ገብታ ዳይፐሩን በእጇ እንደያዘች የራሷን ምጥ ትተርካለች፤ የሁለተኛ ልጇ ጋ ሳትደርስ ዳይፐሩ አይለቀቅም። የአራት ዓመቷ ታላቅ እህት ከሁሉም ፈጣን ናት፤ የምታመጣው አንድ እግር ጫማ ነው። ጥሪውን ሲሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚጨምር አጎትም አለ፤ ለምደባ እንኳ አይበቃም።

አያት ለምደባው አይመቹም። እግራቸውን ዘርግተው ልጁን ጭናቸው ላይ ያጋድሙታል፤ ማንንም አይጠሩም፤ ከመቀነታቸውና ከነጠላቸው ጫፍ የሚፈልጉት ሁሉ ይወጣል። ሦስተኛውን እጅ ከየት እንደሚያመጡት ሲጠየቁ «ሰባት ወልጄ» ብለው ዝም ይላሉ።

ችግሩ አያት የሚቆዩት እስከ ክርስትና መሆኑ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ ሴት የወለዱ ወላጆች አያትን ለእጥፍ ጊዜ ያገኛሉ። ወንድ ሲወለድ እልልታውን የሚያበዙ ሰዎች ይህን ያሰሉት አይመስልም።

ከክርስትናው በኋላ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ አክስት ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ አባት ሥራ ይውላል። «ዳይፐር አቀብሉኝ!» የሚለውን ጥሪ ፍሪጁ ብቻ ይመልሳል። ያን ጊዜ ካውያው ከጠረጴዛው ይነሳል፤ መሳቢያው ይከፈታል፤ እናት ብቻዋን ትደረድርበታለች። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቻችን የልጃቸውን መቀየሪያ ጠረጴዛ በቪዲዮ እያዞሩ ሲያሳዩን ኑሯቸውን የሚያሳዩን መስሎን ነበር። ለካ የሚያሳዩን አክስታቸውን ነው። ቪዛው ቀንቶ አያት ከአዲስ አበባ የሄዱላቸው እንደሆነ ግን ያው ጠረጴዛ በሳምንቱ በርበሬና ሽሮ ይደረደርበታል።

ቀጥሎ ስለ መኪና የኋላ መቀመጫ፣ ስለ ሠርግ አዳራሽ ጓዳና ስለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ሦስት ምዕራፎች ተይዘው ነበር። ሆኖም ልጅ በ4 ወሩ ገደማ መገልበጥ፣ ከዚያም መዳህ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲህ መቀየሪያ ሥፍራ ማለት ልጁ የተያዘበት ቦታ ነው። ምደባውን መቀጠል አልተቻለም። የጥናቱ ባለቤት በአሁኑ ሰዓት በአንድ ወገን የተከፈተ ዳይፐሩን እየጎተተ ምግብ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል፤ እርጥብ ሶፍቱንም ከነጥቅሉ ይዞ አንድ በአንድ እየመዘዘ ወለሉ ላይ እየዘረጋ ነው። አባቱ ዳይፐር ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ቁጥር 1 ነው።