የማንቲስ አሟሟት ማጣሪያ አዋጅ

የፊት እግሮቿን አጥፋ ጸሎት ላይ ያለች የምትመስለው ማንቲስ፣ ማታ ዝንቧን በልታ ጠዋት በመስታወት ሳጥኗ ወለል ላይ ተዘርራ መገኘቷ የቤቱን ሰላም ያናጋ በመሆኑ፤ አሳዳሪዋም ሐዘኑን ትቶ ጎረቤት መጠርጠር በመጀመሩ፤ የሞቷ ምክንያት በቡና ላይ ወሬ ሳይሆን በምርመራ መለየት ስላለበት፤ የሚከተለው ታውጇል።

ይህ አዋጅ «የማንቲስ አሟሟት ማጣሪያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሟች» ማለት በእርግጥ የሞተች ማንቲስ ናት። ዓይኗ ስለጠቆረ ብቻ ሞታለች አይባልም፤ የማንቲስ ዓይን ሲመሽ ይጠቁራል፣ ሲነጋ ወደ መልኩ ይመለሳል። ቁልቁል ተንጠልጥላ ምግብ እምቢ ያለችም ከሟች አትቆጠርም፤ ቆዳዋን ልትገፍፍ እየተዘጋጀች ነው። ወለሉ ላይ ባዶ ገላ ተገኝቶ ከክዳኑ ሥር ሕያው ማንቲስ ከታየች፣ የተገኘው የተጣለ ልብስ እንጂ አስከሬን ስላልሆነ ቀብሩ ይሰረዛል፣ ለቀስተኛውም ይመለሳል።

ሟች ወንድ ከሆነና ጭንቅላቱ ከጠፋ፣ አብራው ያደረችው ሴት ሳትጠየቅ ምርመራው አይቀጥልም። ጾታ የሚለየው በሆድ ሥር የሚታዩትን ክፍሎች በመቁጠር ነው፤ ሴት 6፣ ወንድ 8 አላቸው። የተራበች ሴት ባሏን ልትበላ እንደምትችል እያወቀ ሳያበላት ያጋባ አሳዳሪ በግብረ አበርነት ይጠየቃል።

መርማሪው ሸንጎ እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ ቤተሰቡን ሰብስቦ በር ይዘጋል። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ፍሊት የነፋው ሰው ነው። የሟች የቅርብ የሥጋ ዘመዶች በረሮና ምስጥ ናቸው፤ ይህ ዝምድና በደስታው ጊዜ ባይነሳም፣ ለበረሮ ተብሎ የተነፋው ፍሊት ለማንቲስም ይተርፋል። ፍሊት የነካው ዝንብ ለእራት ቀርቦላት እንደሆነም ይጣራል።

ፍሊት ካልተገኘ ሸንጎው ፊቱን ወደ ሳጥኑ ያዞራል፤ አብዛኛው መዝገብ የሚቋጨውም እዚሁ ነው። ማንቲስ የምታድገው ቆዳዋን እየገፈፈች ነው፤ ይህንንም የምታደርገው በኋላ እግሮቿ ጣሪያውን ጨብጣ ቁልቁል እየተንሸራተተች ከአሮጌው በመውጣት ነው። የሳጥኑ ቁመት ቢያንስ የገላዋን ሦስት እጥፍ ካልሆነ ወለሉን ትነካለች። ክዳኑ እንደ ወንፊት ሻካራ ካልሆነ የምትጨብጠው አጥታ ትወድቃለች። አየሩ ከደረቀ ደግሞ አሮጌው ቆዳ እግሯ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሟች ግማሽ አካሏ ከአሮጌው ቆዳ ሳይወጣ ከተገኘች ሌላ ምስክር አይጠራም። ያልተበላ ፌንጣ በሳጥኑ ውስጥ አድሮ እንደሆነም ይጠየቃል፤ አዲስ ቆዳዋ ያልጠነከረች ማንቲስ ራሷ እራት ልትሆን ትችላለችና። ሳጥኑን ያዘጋጀው አሳዳሪው ስለሆነ፣ አሳዳሪው የሸንጎው ሰብሳቢ መሆን አይችልም። ሰብሳቢነቱን በገዛ ፈቃዱ የጠየቀ አሳዳሪ ይበልጥ ይጠረጠራል።

«የውጭ እጅ አለበት» የሚለው አቤቱታ ተቀባይነት የሚኖረው ከሜዳ ተይዛ ለመጣች ማንቲስ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለችው ሆድ ውስጥ ፀጉር የመሰለ ረጅም ትል አድጎ ሊገኝ ይችላል፤ ትሉ ጊዜው ሲደርስ ውሃ ፈልጎ ይወጣል፣ አስተናጋጇም ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ አትቆይም። በሰው እጅ ተፈልፍላ ያደገችን ማንቲስ በተመለከተ ግን የውጭ እጅ ማንሳት የሸንጎውን ጊዜ ማባከን ሆኖ ያስቀጣል። ከልክ በላይ ጠግባ ከከፍታ የወደቀችና ሆዷ የፈነዳ ማንቲስ ጉዳይ በአጭሩ ይታያል፤ ጥፋቱ የመጋቢዋ ነው።

ሟች ክንፍ አውጥታ ወራት ያስቆጠረች፣ አረፋ መስሎ የሚደርቀውን የእንቁላል ቋቷንም የጣለች ከሆነች ተጠርጣሪ አይፈለግም። አብዛኞቹ ማንቲሶች ከተፈለፈሉ በኋላ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፉም፤ በስተርጅና መያዝ ያቅታቸዋል፣ ይወድቃሉ፣ መብላት ይተዋሉ። ሸንጎው «በዕድሜ» ብሎ ይጽፋል፤ አሳዳሪው ይግባኝ የለውም። የእንቁላል ቋቱን ከቆሻሻ ጋር የደፋ ሰው ግን ለብቻው ይከሰሳል፤ ከአንዱ ቋት ብቻ ብዙ ደርዘን ወራሾች ሊወጡ ይችሉ ነበር።

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም የቤት ውስጥ ልማድ ተፈጻሚነት አይኖረውም። ውጤቱ ከመታወቁ በፊት አስከሬኑን ጉንዳን ከወሰደው መዝገቡ ይዘጋል።