የዘበኛው ውሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰፊ ግቢ ያጠረ ሰው ከብረት በሩና ከአጥር ሽቦው ቀጥሎ የሚያምረው ካውካዥያን ውሻ ነው። ጀርመን ሼፐርድማ ማንም ያሳድገዋል። ካውካዥያኑ፣ ወንዱ፣ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዘሩም በካውካስ ተራሮች በግ ሲጠብቅ የኖረ ነው። እረኛው እንቅልፍ ቢጥለው እንኳ ከተኩላው ጋር የሚተናነቀው፣ ማንን ልያዝ ማንን ልተው ብሎ የሚወስነው ራሱ ነው። ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንዲያስብ ለዘመናት የተመረጠ እንስሳ! ለእንዲህ ያለ ባለ ጭንቅላት ፍጡር ምን ይገዛለታል? ሰንሰለት ነዋ።

ሥልጠናውም አይከብድም። ቡችላው ሰው እንዳያይ ከቆርቆሮ ቤቱ አይወጣም፤ ሰው ከለመደማ ምኑን ጠበቀ! ስኮትና ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ሰውንና አካባቢውን የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ፈረንጅ ምን ያውቃል? እኛ ያችኑ ጊዜ በጨለማ እናሳልፍለታለን። ከዚያ በዱላ ጎሸም ጎሸም፣ ከትራፊው እንጀራ ላይ ሚጥሚጣ ነስነስ። ያስቆጣዋል ይባላል፤ ማንን አያስቆጣ! በመጨረሻ ጥላውን እየፈራ የሚጮኸውን ምስኪን ይዘን በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብለን እንለጥፋለን። (ውሻውን ማለዳ ይዞ የሚወጣ፣ ከእጁ ሥጋ እያቀመሰ «ና»፣ «ቆይ» የሚያስተምር አንድ ጎረቤት አለን። ሰፈሩ ሥራ ፈት ይለዋል።)

የትምህርቱ ፍሬ ማታ ማታ ይታያል። ጋሼ መኪናቸውን በራቸው ላይ አቁመው ክላክስ ያደርጋሉ። በሩ አይከፈትም። ከውስጥ ዘበኛው «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ፣ ላስረው!» ይላል። ጋሼ መስኮታቸውን ዘግተው የሰንሰለቱን ድምፅ ይጠባበቃሉ። የሥጋ ቤቱን ሒሳብ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው፤ ግን ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ የሚያበላው ደግሞ ዘበኛው ነው። እትዬም ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ፈቃድ የሚጠይቁት እሱኑ ነው። ዘበኛው ብልህ ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ የሚጠይቀው ውሻው ተፈቶ ሳለ ነው። ጋሼ እምቢ ይበሉ እንዴ? ቢያሰናብቱት ማን ሊያስርላቸው!

ደግነቱ ሕግ አለ። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጥሶ ውሻው የቆጣሪ አንባቢውን ባት ቢዘነጥለው፣ ዘበኛውን የውሻው ጌታ ብሎ የሚከስ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2071፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ውሻው የጋሼ መሆኑን የሚመሰክርላቸው እስካሁን ያገኘሁት ሕጉን ብቻ ነው።