ሐተታ በእንተ ስመ ቲፎዞ

በአገራችን የስም ነገር ከጥንት ጀምሮ ከባድ ነገር ነው። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ከካህን አፍ የክርስትና ስም ትቀበላለች፤ እናት በበኩሏ የቤት ስም ታወጣለች፤ ወንዱ ጕልበቱ ጠንክሮ ፈረስ ለመጫን ሲበቃ ደግሞ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ የለም። ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ አንድ አራተኛ ወገን ስም መኖሩን፣ ይኸውም ካህን ሳያጠምቅበት፣ እናት ሳታስብበት፣ ፈረስም ሳይጫንበት፣ የስታዲየም ትኬት በመቁረጥ ብቻ የሚገኝ መሆኑን ግን ሊቃውንቶቻችን እስከ ዛሬ በቸልታ አልፈውታል። ይህ ስም የእግር ኳስ ቲፎዞ ስም ነው፤ ይህችም ሐተታ ያን ጉድለት በአቅሟ ልትሞላ የተጻፈች ናት።

ነገሩን ከአንጋፋው እንጀምር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቁሞ የሰማዕቱን ስም ስለ ወሰደ፣ ሰማዕቱም በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን በጦር ሲወጋ ስለሚታይ፣ የቡድኑ ወገኖች «ፈረሰኞቹ» ተብለዋል። ስሙ በቂ ምክንያት እንዳለው አንክድም። ዳሩ ግን የተመራማሪ ሥራ የተባለውን ከሚታየው ጋር ማመሳከር ነውና፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በሸገር ደርቢ ይገናኙ በነበረበት ዕለት ከአራዳ ቁልቁል ወደ ስታዲየም ይጎርፍ የነበረውን ሠራዊት በጥንቃቄ ስንመለከት፣ ከአንድም ፈረሰኛ በታች ፈረስ አላገኘንም፤ የሚበዛው እግረኛ ነበር፤ የቀረውም ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር ላይ አራት ሆኖ፣ እኩሌታ አካሉን በመስኮት አውጥቶ እየዘፈነ ይመጣ ነበር። በዚያ ሰፈር በእውነት ፈረስ ላይ ሆነው ያገኘናቸው ሰው ዐፄ ምኒልክ ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም ሐውልት ስለሆኑ ወደ ስታዲየም አይወርዱም።

የማዕረጉ ነገር ከዚህ ይልቅ ይረቃል። መጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር ደጃዝማችነቱም ፊታውራሪነቱም አብሮ ቀረ፤ ሹመት ሰጪ በሌለበት ተሿሚ አይኖርምና ብዙ ሰው ያለ ማዕረግ እየኖረ ያለ ማዕረግ ሞተ። ይህን ክፍተት የሞላው፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይፍረዱንና፣ እግር ኳስ ነው። የጎንደሩ የፋሲል ከነማ ወገን «አፄዎቹ» ይባላል፤ ስሙም ከተማይቱን መናገሻ አድርገው ግንቡን ላሠሩት ለዐፄ ፋሲለደስ መታሰቢያ መሆኑ ግልጽ ነው። ከዚህ የተነሣ አገሪቱ አንድ ንጉሠ ነገሥት እንኳ በሌላት በዚህ ዘመን፣ ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ በሺሕ የሚቆጠሩ አፄዎችን በአግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ አስቀምጣ ታሳይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክለቡ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድማ የአፄዎቹ ቁጥር በአንድ ሌሊት ምን ያህል እንደ በዛ ቆጣሪ አልተገኘም። በሥርዓት ረገድ የሚያስቸግረው የመግቢያው በር ነው፤ በር ላይ የቆመው ፖሊስ የአንዱን አፄ ኪስ ፈትሾ የውሃ ፕላስቲኩን ሲነጥቀው፣ «ጃንሆይ» ይበለው ወይስ «አንተ» ይበለው የሚለውን የወሰነ የቤተ መንግሥት ሥርዓት አላየንም። እኛ ቆመን በሰማነው ጊዜ «አንተ» ብሎታል።

የጅማውን በአጭሩ እንለፈው። አባ ጅፋር ራሱ ለጅማው ንጉሥ የወጣ የፈረስ ስም ሆኖ ሳለ፣ በስሙ የተጠራው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ ያ የአንድ ሰው ስም ለአንድ ከተማ ሕዝብ ተካፈለ፤ ርስት ሲካፈል የሚደርሰው ጥበትና ክርክር ግን በዚህ ላይ አልደረሰም።

የአራዊቱ ስም ግን ለፍጥረት ተመራማሪዎች ትልቅ ራስ ምታት ነው። አርባ ምንጭ ጫሞንና አባያን አጎራብታ የምትኖር፣ አዞ በእርባታ ሳይቀር የሚያድግባት ከተማ ስለሆነች ደጋፊዎቿ «አዞዎቹ» ቢባሉ አይገርምም። የሀዲያ ሆሳዕናዎቹ «ነብሮቹ» ናቸው፤ የመቐለዎቹ «ምዓም አናብስት»፤ የወላይታ ድቻዎቹ ደግሞ «የጦና ንቦቹ»። በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። ካዎ ጦና በምኒልክ ዘመቻ ጊዜ ወላይታን የመሩ ንጉሥ ናቸው፤ ንብ ግን ሁሉ እንደሚያውቀው በንግሥት እንጂ በንጉሥ አትተዳደርም፤ እንግዲህ ንጉሥን በቀፎ ላይ ማንገሥ የመንግሥት ሥርዓት መጻሕፍት ያላሰቡት ነገር ነው። የወላይታ ድቻ ደጋፊዎች ግን በዚህ ተጨንቀው እንደማያውቁና ጎል በገባ ጊዜ ንግሥትም ንጉሥም ሳይጠይቁ በአንድነት እንደሚነድፉ ታዝበናል።

እውነተኛው ችግር የሚነሣው በክረምት ነው። ክረምት የዝውውር ወቅት ነው፤ ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል። በሰኔ አዞ የነበረው አማካይ በነሐሴ ንብ ሆኖ ይገኛል፤ ነብር የነበረው ግብ ጠባቂ ለወልቂጤ ከተማ ቢፈርም የወልቂጤዎቹ ስም «ሠራተኞቹ» ስለሆነ አውሬነቱን ጥሎ ሠራተኛ ይሆናል፤ የባሕር ዳር ከተማን ማልያ ቢለብስ ደግሞ «የጣና ሞገዶቹ» ናቸውና ሥጋና ደም መሆኑ ቀርቶ ውሃ ይሆናል። ከአዞ ወደ ሞገድ የሚደረገው ለውጥ፣ ሁለቱም ከሐይቅ ስለሚገኙ፣ በመጠኑ ይቀላል ይሆናል፤ ከሞገድ ወደ አፄ የሚደረገው ግን በምን ሥርዓት እንደሚፈጸም አይታወቅም። አሠልጣኙም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ አንድ ቀን ጠዋት አዞም ነብርም ያልሆነ ተራ ሰው ሆኖ ይነቃል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዓመት ከዓመት ፍጥረቱን የማይለውጥ ቲፎዞው ብቻ ነው። ደመወዝ አይቀበልም፤ ውል የለውም፤ ስለዚህ ውሉ አያልቅም፤ አባቱ አዞ ከነበረ እርሱም አዞ ነው፤ ልጁንም ገና በጡት ሳለ ማልያ አልብሶ አዞ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት፣ በጋዜጣና በራዲዮ ስሙ ለቡድኑ ቢሰጥም፣ የስሙ ሕጋዊ ባለርስት ደጋፊው፣ ተጫዋቹ ግን በጊዜው የሚያርስ ጢሰኛ መሆኑን እንፈርዳለን።

የኢትዮጵያ ቡና ወገን «ቡናማዎቹ» ይባላል፤ ይህን ስም የአንድምታ መምህር ቢያገኘው እንዲህ ይፈታው ነበር፦ ቡናማዎቹ አላቸው፤ ማልያቸው ቡናማ ነውና። አንድም፣ ክለቡ የቡና ነጋዴዎችና የቡና ሠራተኞች ወገን ነውና። አንድም፣ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በሦስት እንዲጠጣ፣ እነርሱም በመጀመሪያው አጋማሽ በተስፋ፣ በሁለተኛው በቁጣ፣ በተጨማሪው ደቂቃ በጸሎት ይቀመጣሉና። በረካው ደግሞ ዘግይቶ ቢመጣም መጥቷል፤ በ2003 ዓ.ም. ክለቡ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ምንም እንኳ ጀበናው ከከሰል ላይ ባይወርድ፣ ቡናማዎቹ ሲኒያቸውን ገልብጠው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የታዩበት ዘመን የለም።

ከክለቡ ስም ሌላ በአዲስ አበባ ስታዲየም የመቀመጫ ማዕረግም ነበር። ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ከማን አንሼ፤ እነዚህ ሁሉ የአግዳሚ ስሞች ሆነው ሳለ ሰውን መለያ ሆኑ፤ «እርሱ እኮ ካታንጋ ነው» ሲባል ሰሚው አንድ ሰው ድምፁ ምን ያህል እንደሚጎላና ከዳኛው ጋር ምን ያህል እንደሚነጋገር ወዲያው ይገባዋል። ካታንጋ ከኮንጎ ተገንጥሎ የነበረው ክፍለ ሀገር ነው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ ወደ ኮንጎ ዘምተው ነበር። ያንን ስም ተሸክሞ የተቀመጠው የስታዲየሙ ክፍልም ሰላም በማስከበር በኩል ከኮንጎው የተሻለ ውጤት አላሳየም። ከማን አንሼ ደግሞ በመላው ዓለም በጥያቄ መልክ የተሰየመ ብቸኛ መቀመጫ ሳይሆን አይቀርም፤ ከክቡር ትሪቡን በኩል መልስ ይሰጥ ዘንድ ለብዙ ዓመታት ተጠይቆ መልስ አልተሰጠም። ኋላ ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘግቶ፣ ሊጉም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ጊዜ ሐዋሳ፣ አንድ ጊዜ አዳማ፣ አንድ ጊዜ ድሬዳዋ እየተሰበሰበ ይካሄድ ስለ ጀመረ፣ ካታንጋዎችና ሚስማር ተራዎች መሬቱ ተወስዶበት ማዕረጉን ብቻ ይዞ እንደ ቀረ ባላባት በየቡና ቤቱ ተበትነው በቴሌቪዥን ይከታተሉ ጀመር። ማዕረጋቸውን ግን አልተዉም፤ ቡና ቤቱ ውስጥም ከኋላ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ካታንጋ ብለውታል።

ከባሕር ማዶ የመጡት ስሞች ከሃይማኖት ጋር ስለሚጋጩ በተለይ መጠንቀቅ ይገባል። የማንቸስተር ዩናይትድ ወገን በአገራችን ጋዜጠኞች አፍ «ቀያይ ሰይጣኖቹ» ተብሎ ይጠራል፤ ስሙን አሠልጣኙ ማት በዝቢ ከሳልፎርድ የራግቢ ቡድን ወሰዱት፤ ከዚያም ሹካ የያዘ ሰይጣን በክለቡ ዓርማ ላይ ተሣለ። ይህ ዓርማ ጥምቀትና ንስሐ በማይታጎልበት አገር በነጻ ገብቶ በየደረቱ ሲቀመጥ የከለከለው የለም። በመርካቶ አካባቢ ባለ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት፣ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት በተከደነበት፣ አንድ ወጣት ከፊተኛው አግዳሚ ተቀምጦ አይተናል፤ በአንገቱ ጥቁር ማተብ አስሯል፤ በግራ ደረቱ ባለ ሹካው ሰይጣን አለ። ፍጹም ቅጣት ምት በተሰጠ ጊዜ ማተቡን በጥርሱ ነክሶ ሦስት ጊዜ አማተበ፤ ኳሱ መረቡን ሲነካ ማልያውን ስቦ ዓርማውን ሳመ። ሊቃውንት በዚህ ላይ ቢከራከሩ የማይነጥፍ ነገር ያገኛሉ፤ ማማተቡ ሰይጣኑን የሚያርቅ ቢሆን ኳሱ ባልገባ ነበር፤ ሰይጣኑ ማተቡን የሚንቅ ቢሆን ደግሞ ልጁ ባላማተበ ነበር። በኋላ ስንጠይቀው፣ እናቱ ማልያውን አጥባ ስታሰጣ ጎረቤት እንዳያይ ገልብጣ እንደምታሰጣው ነገረን፤ ከዚህ የበለጠ አስተዋይ ብይን ከየትም አልሰማንም።

መድፈኞቹ የተባሉት የአርሰናል ወገኖች ግን እንዲህ ያለ ነቀፌታ የለባቸውም፤ ክለቡ በ1886 እ.ኤ.አ. በዉልዊች ንጉሣዊ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ተመሠረተ። እንዲያውም በመድፍ ጉዳይ ኢትዮጵያዊ ከማንም በላይ ባለ ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በብዙ ሰው ጕልበት ዳገት ለዳገት አስጎትተው መቅደላ አወጡት፤ ያ ሁሉ ድካም ቢደከምበትም ባለቤቱን ሳያድን ቀረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ከ2004 እ.ኤ.አ. በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ የሊጉን ዋንጫ ሳያይ በየዓመቱ በነሐሴ መድፉን መጎተት የጀመረው፣ በየዓመቱም በሚያዝያ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የቆመው የአዲስ አበባ መድፈኛ፣ ይህን ታሪክ ሲሰማ ለምን ራሱን እንደሚነቀንቅ አይጠፋንም።

የብሔራዊ ቡድኑን ሳናነሣ ብናልፍ እንነቀፋለን። «ዋልያዎቹ» የተባሉት በዋልያው ነው፤ ዋልያ በሰሜን ተራራ ገደል ላይ እንጂ በሌላ በየትም ዓለም በነጻነት አይኖርም ብለው የእንስሳት ሊቃውንት ጽፈዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካፍ ግን በአገሪቱ ያሉት ሜዳዎች መስፈርቱን አያሟሉም ብሎ ስለ ወሰነ፣ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በ2014 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ተጫውተው 2 ለ 0 አሸንፈዋል፤ ከዚያም የዓለም ዋንጫ ማጣሪያቸውን በሞሮኮ አድርገዋል። የእንስሳት ሊቃውንቱ መጽሐፋቸውን ቢያርሙ ይገባቸዋል፤ የዋልያ መኖሪያ ዛሬ ከደጋው ወርዶ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ደርሷል።

ከዚህ ሁሉ የስም ድርድር ውጭ የቆመ አንድ ሰው ቀረ፤ እርሱም ዳኛው ነው። ዳኛ ወገን የለውም፤ ማልያውም ከማንም ጋር እንዳይመሳሰል ተብሎ ይመረጣል። ስም ግን አልተነፈገም። አዞው፣ ነብሩ፣ ንቡ፣ ሠራተኛው፣ አፄውና ፈረሰኛው በሌላው ነገር ሁሉ ተለያይተው ሳለ፣ ኳሱ ከክልሉ ውስጥ እጅ ነካ አልነካ በተባለበት ቅጽበት ከየአግዳሚያቸው ተነሥተው በአንድ ድምፅ «ሌባ! ሌባ!» ይሉታል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድም፣ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ሕዝብ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ያንኑ ስም ይሰጠዋል፤ ስለዚህ በክረምቱ ዝውውር ፍጥረቱ የማይለወጥበት፣ በየትኛውም ሜዳ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው እርሱ ሆኖ ተገኝቷል።