ዶሮው መታወቂያ አልነበረውም

ሎስ ባኞስ፣ ፊሊፒንስ
ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለአባዬ፣ ለጋሼ፣ ለእታለምና ለመላው የግቢው ሰው፤

ኢንተርኔቱ ከተዘጋባችሁ ወዲህ ወሬዬ እንደ ጠላ ጥንስስ ፈልቶ ክዳኑን ሊከነብል ስለደረሰ ወደ ወረቀት ተመለስሁ። አንባቢው መቼም ያው ታናሼ ነው። እታለም፣ ከጎኑ ተቀምጠሽ ተቆጣጠሪው፤ ባለፈው ደብዳቤ ላይ «ለወንድሜ ጫማ ግዙለት» የምትለዋን መስመር የጻፍሁ እኔ አይደለሁም።

ጋሼ፣ «ጤፍ በልቶ ያደገ ልጅ ሩዝ ሊማር ባሕር ተሻገረ» እያልህ በየጠላ ቤቱ እንደምትስቅብኝ ሰምቻለሁ። ሳቅ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም እዚሁ ከማኪሊንግ ተራራ ግርጌ ነው ያለው። ከ130 ሺህ በላይ ዓይነት የሩዝ ዘር ሰብስቦ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ክፍል ቆልፎ ያስቀምጣል። እምዬ፣ የምስር ዘርሽን ቋጥረሽ ሳጥን ውስጥ ከተሽ ቁልፉን አንገትሽ ላይ ስታንጠለጥዪ የሳቅሁብሽን ይቅር በይኝ። ሳይንስ ነበር።

ቁልፍ ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ አገር ዘበኛ ቆሞበት ያላየሁት ባሕሩን ብቻ ነው። ባንኩን ጠመንጃ የያዘ ይጠብቀዋል፤ የዶሮ ጥብስ ቤቱንም እንደዚሁ። ነገሩ የዛሬ አይደለም፤ የግል ጥበቃ ድርጅቶችን ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር፣ በ2022 ደግሞ በአዲስ ተኩት። ገበያ አዳራሽ ስትገባ ቦርሳህን ከፍተህ ታቀርባለህ፤ ዘበኛው በቀጭን እንጨት እንደ ሽሮ ያማስልልሃል። ምን እንደሚፈልግ አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ነገር ግን ጨዋ ነው፤ ወይዘሮ ሁን አቶ ሳይለይ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ «ማምሰር!» እያለ ነው የሚጠረጥርህ። የሰፈራችን ሱቅ ፊቷ በሙሉ ፍርግርግ ብረት ነው። አንዲት ሲጋራም ሆነች የአንድ ቀን ሻምፖ የምትወጣው በቀዳዳው ነው። ባለ ሱቋን ዓመት ሙሉ ሳውቃት የማውቀው እጇን ነው።

ግራ የሚገባኝ ግን ጂፕኒ የሚሉት ታክሲያቸው ነው። ረዳት የሚባል ብዙውን ጊዜ የለውም። ከኋላ ያለው ሰው ሳንቲሙን ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ለጎረቤቱ፣ እንዲህ እያለ ሾፌሩ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው እጅ ለእጅ ይመለሳል። እኔ አንድም ቀን ሲጎድል አላየሁም። አንዳንዱ ሾፌር ብቻ «ያልከፈለውን ይሁዳ እግዜር ያውቀዋል» ዓይነት ጥቅስ ይለጥፋል። ጋሼ፣ የደብረ ማርቆሱ ሚኒባስ ረዳት አምስቷን ብር መለሰልህ?

ወደ ዶሮው ልምጣ።

የእነሱ ፋሲካ መጋቢት 22 አለፈ፤ የእኛ ሚያዝያ 27 ነበር። እነሱ በልተው ሲረሱት እኔ ገና ሽሮ ላይ ነበርሁ። አንድ የማርቆስ ሰው፣ እዚህ የቆየ፣ «ዶሮ ይዘህ ና» አለኝ። ደረቱን እንደ ፊታውራሪ የነፋ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝቼ በዘንቢል ይዤ ሄድሁ። ሰውየው የሚኖረው በታጠረ መንደር ነው፤ መንደሩ በር አለው፣ በሩ ዘበኛ፣ ዘበኛው መዝገብ።

«መታወቂያ ያስይዙ፣ ሰር» አለኝ። የትምህርት ቤቱን መታወቂያ ጠዋት ሌላ በር ላይ አስይዤ ረስቼዋለሁ። ኪሴ ውስጥ የቀረችው የአገሬ የአምበር፣ የአነደድ ወረዳዋ፣ የቀበሌ መታወቂያ ናት። ተቀበለኝ፤ አገላበጣት፤ ማኅተሟን ባየ ጊዜ ትንሽ አከበራት። የትውልድ ዘመኔን ሲያሰላ ግን በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ዓመት ከምናምን አስረጀኝ። ከዚያ «የቤተሰብ ስም?» አለ። የአባዬን ስም ነገርሁት። «ይሄ የአባትህ ነው፤ የቤተሰቡስ?» የአያቴን ጨመርሁ። «እሺ፣ የእሳቸው ቤተሰብስ?» ለጋብቻ እንጂ ለዶሮ ወጥ ሰባት ቤት ሲቆጠር መቼም ሰምታችሁ አታውቁም። አራተኛው ላይ ደርሼ ላቤ ጠብ ሲል ዘንቢሉ ውስጥ ያለው ጌታ ጮኸ።

የዘበኛው ፊት በራ። እዚህ አገር ዶሮ ያዋጋሉ፤ ሳቦንግ ይሉታል፣ እግሩ ላይ ስለት አስረው። በኢንተርኔት የሚደረገውን ውርርድ የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ እ.ኤ.አ. በ2022 ቢያግዱትም የሜዳው እንዳለ ነው። ዘበኛው ብዕሩን ጥሎ ዶሮውን አወጣ። ጭኑን ዳበሰ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ ላባውን እፍ እያለ ሥሩን አየ። እኔን እንዲህ በፍቅር የፈተሸኝ የለም። ጓደኞቹን ጠራ። ሦስት ሆነው ዙሪያውን ቁጢጥ ብለው አያቴ እንደሚያወሩት አውጫጭኝ ተቀመጡበት።

«ስንት ጊዜ አሸነፈ?» አሉኝ።

«ለወጥ ነው» አልሁ።

ዝም አሉ። ሰው ልገድል ነው ያልሁ ነው የመሰላቸው። አንደኛው ዶሮውን ወደ ደረቱ አስጠጋው። ተመካከሩ፤ ፈረዱ፦ ይህች መታወቂያ ጊዜዋ ያለፈ ናት፤ መግባት የምችለው ሌላ መያዣ ካስያዝሁ ነው፤ መያዣውም ዶሮው ነው። መዝገቡ ላይ ጻፉት። ስም፦ ማኖክ፣ ዶሮ ማለት ነው። የመጣበት አገር፦ አምበር። የመጣበት ጉዳይ የሚለውን ባዶ ተዉት። 14 ቁጥር የተጻፈባት ካርድ ሰጡኝና «መልካም ቀን፣ ሰር» አሉኝ።

ጋባዤ በሩን ከፍቶ «ዶሮውስ?» ሲለኝ ካርዷን አሳየሁት። መሬት ተቀምጦ ሳቀ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ቁርጥራጭ ሠራን፤ እምዬ እንዳትሰሚ፣ ስምንት እግርና አራት ክንፍ ቆጥረን 12 ብልት አደረስነው። ፈረሰኛ የለ፣ ምን የለ።

ማታ በዚያው በር ስወጣ አንድ ነገር ታሰበኝ። በየበሩ ስሜን፣ አገሬን፣ ጉዳዬን ይጠይቁኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን «የማን ልጅ ነህ?» ያለኝ ሰው የለም። አንድ ሰው ቢለኝ ቦርሳዬን አይደለም፣ ኪሴን ገልብጬ አሳየው ነበር። ለነገሩ አምበር ላይ ይህች ጥያቄ ያስበላችኝ አርጩሜ ብዙ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንሁ ያወቀ ሁሉ ለአባዬ ይናገር ነበር።

እናንተም አትሳቁ። አጥራችን በእሾህ የታጠረ፣ ውሻችን የጎረቤት ልጅ እየላሰ ዘመድ የሚነክስ፤ እምዬም ቅቤው ላይ በአውራ ጣትሽ ምልክት የምታደርጊ። እንግዲህ ባሕር ስለለየን ልናዘዝ፦ ከላስነው በኋላ በእታለም አውራ ጣት መልሰን እናትመው ነበር። አሁን ደግሞ ከአምበር ማርቆስ ለመድረስ ስንቴ ወርዳችሁ እንደምትፈተሹ እሰማለሁ። እሱ ላይ «ማምሰር» እንደሌለበት አውቃለሁና አልቀልድበትም። ስትደርሱ ብቻ እንደምንም አሰሙኝ።

14 ቁጥሯ ጠፋችብኝ። «ካርድ ከሌለ ዶሮ የለም፣ ሰር» ብለውኛል። መጠሪያው አሁን አምበር ሆኗል፤ ከዘበኛው ቤት አጠገብ አንድ እግሩን ታስሮ በቆሎ ይበላል። አናዋጋውም ብለው ምለዋል፤ እሁድ እሁድ የት እንደሚወስዱት ግን አልጠየቅሁም። ትናንት ሳልፍ ቦርሳዬን አማሰሉ፣ መዝገቡ ላይ ፈረምሁ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣላችሁ ሰው ታማኝ ነው፤ ውኃና እንጀራ አታጉድሉበት። የላክሁት ሸሚዝ 3 ነው። ቁጠሩት።

ልጃችሁ