ቁልፉ በየት በኩል ነው?

ሚኒባስ ውስጥ ሞተሩ ላይ፣ ጀርባውን ለሾፌሩ ሰጥቶ የሚቀመጥ ሰው ከቀረነው ተሳፋሪዎች ጋር እስከ መውረጃው ሲፋጠጥ ይሄዳል። ዐይን ደግሞ ማረፊያ ይፈልጋል። ፊቱን ብናይ «እንተዋወቃለን እንዴ?» ይመጣል። ስለዚህ የእኔ ዐይን ደረቱ ላይ ያርፍና ቁልፎቹን ይመለከታል። ቁልፉ በለባሹ ቀኝ በኩል ተሰፍቶ ቀዳዳው በግራ ከሆነ ልብሱ የወንድ ነው። ቁልፉ በግራ፣ ቀዳዳው በቀኝ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ጺሙን አሳድጎ «ረዳት፣ መልስ!» እያለ የሚያንባርቀው ጎረምሳ የለበሰው የሴት ሸሚዝ ነው።

ይህን ነገር አንዴ ያወቀ ሰው ሰላም የለውም። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ያየዋል፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ያየዋል፣ ሽማግሌ ሆኖ በሄደበት ቤት ከጎኑ የተቀመጠው ሽማግሌ ላይ ያየዋል። ከተማው በግራ ቁልፍ ተሞልቷል። አብዛኛው ለባሽ አያውቅም። አንዳንዱ ያውቃል፤ ግን እስካልተነገረው ድረስ እንዳላወቀ ይቆጠርለታል።

ነገሩ የሚጀምረው ሰልባጅ ተራ ነው። ያገለገለ ልብስ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህንንም ክልከላ ሁላችንም የምናውቀው የተከለከለውን ልብስ ለብሰን ነው። በቶጎ ውጫሌ በኩል ይገባል፣ ጅጅጋን ያልፋል፣ መርካቶ ይደርሳል፣ ቦንዳው ይፈታና ሸራ ላይ ይቆለላል። እዚያ ክምር ውስጥ የሟችም የቋሚም፣ የወንድም የሴትም ልብስ ተቃቅፎ ተኝቷል። ገዢያችን እጁን ሰዶ አንድ ግራጫ ኮት ይስባል። ጨርቁ ሱፍ ነው፣ ገበሩ ሐር ይመስላል፣ ዋጋው ቡቲክ ቢጠየቅ የወር ደመወዝ ነው። ይለብሰዋል። ወገቡ ጋ ትንሽ ጠበብ፣ ዳሌው ጋ ትንሽ ሰፋ ይላል።

«ይሄ የሴት ነው እንዴ?»

«ኧረ ብራዘር! ዩኒሴክስ ነው።»

ይህችን አንዲት ቃል የፈጠረ ሰው የስንቱን ወንድ ክብር እንዳተረፈ አያውቅም። ሻጩ እንግሊዝኛ ተምሮ አይደለም የሚላት። ገዢው መስማት የሚፈልገውን ስለሚያውቅ ነው። አንገቱ ሥር ያለው ምልክት ላይ 12 የሚል ቁጥር ይታያል፤ የአሜሪካ የሴቶች ልብስ እንዲህ በሙሉ ቁጥር ነው የሚለካው፣ 8፣ 10፣ 12 እያለ።

«12 ምንድን ነው?»

«በአሜሪካ ኤክስ ኤል ማለት ነው።»

«ወገቡስ?»

«ስሊም ፊት ነዋ! አሁን ሁሉም ሰው የሚፈልገው እሱን አይደል?»

ከዚህ በላይ መጠየቅ ኮቱን ማጣት ነው። ገዢው ደግሞ ኮቱን ወዶታል። እውነቱን ለመናገር ያምርበታልም።

ቁልፉ ለምን በቀኝና በግራ እንደተለየ የሚወራው ብዙ ነው። ወንዱ በቀኝ እጁ ሰይፍ ስለሚመዝ በግራው መፍታት እንዲመቸው ነው የሚሉ አሉ። የአውሮፓን እመቤቶች የሚያለብሷቸው ደንገጡሮች ስለነበሩ ለአልባሿ ቀኝ እጅ እንዲመች ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ግምት ነው። እኔን የሚገርመኝ ሰይፍ መዝዞ የማያውቅ፣ ደንገጡርም አልብሳው የማታውቅ የአዲስ አበባ ወንድ በዚህች የቀኝና የግራ ጉዳይ ክብሩ መነካቱ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ለሁለት ክረምት ሲኮራበት የኖረውን ጃኬት አንዲት ጸሐፊ «ቁልፉ እንደኔ ነው» ብላ አሳየችው። ሐምሌ ነው፣ መስኮቱን ዝናብ ይደበድበዋል። እሱ ግን «ዛሬ ይሞቃል» ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው። ጃኬቱ ያው ጃኬት ነው፤ ትናንት ያሞቀው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ወንድነቱን አስከብሯል።

ቁልፍን ማስቀየር ይቻላል፤ ብልሆቹ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው ያስቀይራሉ። ኪስ ግን አይዋሽም። በ2018 እ.ኤ.አ. ዘ ፑዲንግ የተባለ የአሜሪካ የድረ ገጽ መጽሔት የሃያ አምራቾችን ጂንስ እየለካ የሴቶቹ የፊት ኪስ ከወንዶቹ በአማካይ 48 በመቶ እንደሚያጥር ጽፎ ነበር። እኛ ዘንድ ሜትር አያስፈልግም። የሴት ጂንስ የለበሰ ወንድ ስልኩን ኪሱ ሲከት ግማሹ ውጭ ይቀራል። እሱም አንድ እጁን ስልኩ ላይ አድርጎ መሄድ ይለምዳል፤ ያየው ሰው አረማመዱ የኩራት ይመስለዋል። ማን ምን እንደለበሰ ከሁላችን ቀድሞ የሚያውቀው ኪስ አውላቂው ነው፤ እሱ ደግሞ የሙያ ሚስጥር ይጠብቃል።

ጫማውም እንደዚያው ነው። በአውሮፓ ቁጥር 40 የወንድም የሴትም 40 ስለሆነ እግሩ ትንሽ የሆነ ወንድ ስኒከር ሲመርጥ የሚለየው በቀለሙና በቅርጹ ብቻ ነው። አሜሪካኖቹ ግን ቁጥሩን ለይተውታል፤ ተመሳሳይ እግር በሴት መለኪያ በአንድ ተኩል ገደማ ይበልጣል፣ ምላሱ ላይም ደብልዩ የምትል ፊደል ይጽፉበታል። ደብልዩ ምንድን ናት ቢባል መልስ አይጠፋም። «ዊንተር ናት» ያለኝ አለ። የክረምት ጫማ መሆኑ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ሳያውቅ ስለሚለብሰው ነው። አውቆ የሚለብሰው ደግሞ ከሥር ነው የሚለብሰው። ደብረ ብርሃን ለሥራ የተመደበ ወንድ የመጀመሪያውን ጥቅምት እንዴት እንደሚያሳልፍ ጠይቁት። ስለ አረቄ ይነግራችኋል፣ ስለ ጋቢ ይነግራችኋል፣ ስለ ባለቤቱ ጥቁር ታይት አይነግራችሁም። ታይቷ ከሱሪው ሥር ናት። ውፍረት የላትም፣ አትታይም፣ እግርን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ታሞቃለች። ችግሯ አንድ ነው፤ መታጠብ አለባት። የኮንዶሚኒየም ጋራ ገመድ ላይ ስትሰጣ ጎረቤት የባለቤቱ መሆኗን ያያል፣ ባለቤቱ ደግሞ አለመልበሷን ታውቃለች። «ታይቴን አይተሃታል?» ስትለው «የቷን?» የሚል ባል ሁለት ታይት እንደወሰደ ማመኑ ነው።

ለዚህ ሰው ማጽናኛ አለኝ። ጆ ናማት የተባለው ዝነኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች በ1974 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የሴት ስቶኪንግ ለብሶ እግሩን ዘርግቶ ታይቷል። እሱ ማንም ወንድነቱን የማይጠራጠረው ሰው ስለነበር ቀልዱ ሠራለት። ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ቀልድም አያስፈልገውም ነበር፤ የፈረንሳዩ ሉዊ አሥራ አራተኛ በ1701 ባሠራው ሥዕል ላይ በነጭ ስቶኪንግና በቀይ ታኮ ጫማ እግሩን አውጥቶ ቆሟል። ታኮውም ከፋርስ ፈረሰኞች የመጣ ነው፤ እርካብ ላይ እግር እንዳያንሸራትት። ሴቶች ከወንዶች ወሰዱት፣ ወንዶቹ ሲተዉት የሴት ብቻ ሆነ።

የእኛም ቤት ከዚህ አይለይም። ዝሆን የገደለ ጀግና ሎቲ ጆሮው ላይ ያንጠለጥል ነበር፤ ዛሬ ልጁ ጆሮውን ተበስቶ ቢመጣ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጮኸው አባት የዚያ ጀግና የልጅ ልጅ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው ነበር የሚዘምቱት። ካህናቱ ዛሬም ቀሚስ ይለብሳሉ፣ ማንም «የማን ነው?» አይልም። ሐረር ደግሞ የአደሬ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ማድረግ የጀመሩት «ሱሪ የታጠቀ» ማለት ወንድ ማለት ነው የምንለውን እኛን ሳያማክሩ ነው። ልጅ ኢያሱም በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ እስር ሲያመልጡ የሴት ልብስ ለብሰው ነበር ይባላል፤ ያን ጊዜ ስለ ቁልፉ የጠየቀ የለም። ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም መድረክ ላይ የሴቷን ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነበር፣ ምክንያቱም ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበር። ነውሩን ለማስቀረት ወንዱን ቀሚስ አለበሱት። ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ ያሰበው ሰው ማን እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ለቅሶ ላይ የሚሆነውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሌሊት ስልክ ይደወላል፣ የጎረቤት አባት አርፈዋል። ባል በጨለማ ተነሥቶ በር ላይ ያለውን ነጠላ አፈፍ አድርጎ ይወጣል። ድንኳኑ ውስጥ አምፖል ሲበራ ነጠላው የሚስቱ ሆኖ ይገኛል፤ ጥለቱ አንድ ስንዝር የሚሰፋ፣ ወርቅማና ሐምራዊ ሳባ። ለሐዘን ሲዘቀዘቅ ያ ሁሉ ጥለት አንገቱ ሥር ይሰበሰባልና ጥግ ላይ አቀርቅሮ የተቀመጠው ሰው መልስ የተጠራ ሙሽራ ይመስላል። ሽቶዋም አለ። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሟቹ ልጅ እነዚህ ሰዎች አባቴን እንዲህ ይወዱት ነበር እንዴ ብሎ ይደነቃል።

እንግዲህ በዚሁ ቤት ሚስትየው የባሏን ሹራብ ለብሳ ቡና ስታፈላ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። የወንድሟን ሸሚዝ ለብሳ ዩኒቨርሲቲ የሄደች፣ የአባቷን ኮት አሳጥራ ቢሮ የገባች ሴት «እንዴት ያምርባታል!» ተብላለች። ልብሱ ከእሱ ወደ እሷ ሲሄድ ሹመት ነው፣ ከእሷ ወደ እሱ ሲመጣ ሽረት። ይህን ሕግ ያወጣው ሰልባጁ አይደለም። ጥጥ ጾታ የለውም፤ ነውሩን የሰፋንበት እኛ ነን፣ ከሴት የመጣ ሁሉ የሚያሳንስ ስለሚመስለን። አንድ ወንድ ኮቱ ጠባብ ነው ቢባል ይስቃል፣ የተቀደደ ነው ቢባል ይሰፋዋል፣ የሌባ ነው ቢባል ምናልባት ይከራከራል። የሴት ነው ሲባል ግን በሐምሌ ዝናብ ያወልቀዋል።

ወዶ፣ መርጦ፣ አስቦበት የሚለብስ ወንድም አለ። እሱን ሚኒባስ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ከጎናችሁ ቢቀመጥም አታውቁትም። ቁልፉ በየት በኩል እንደሆነ ከሁላችን ይልቅ ጠንቅቆ ያውቃልና ይጠነቀቃል። በር ይቆልፋል፣ መጋረጃ ይስባል፣ የራሱን ልብስ ራሱ ያጥባል። ስለ እሱ ዓይነት ሰው ወሬ በተነሣ ቁጥር ካፌው እስኪነቃነቅ የሚስቀው ደግሞ ወገቡ የተሰበሰበውን ያን ግራጫ ኮት የለበሰው ነው። አንደኛው የለበሰውን ያውቃል ይደበቃል፤ ሌላኛው አያውቅም ያሽካካል። በእኔ ሚዛን ለልብሱ ይበልጥ የታመነው የተደበቀው ነው።

የግራጫው ኮት ባለቤት ጓደኛዬ ነው። ባለፈው የዕድር ስብሰባ ላይ አብረን ነበርን። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ እያነበበ ሳለ ከፊታችን የተቀመጡት እትዬ፣ ሰፈሩን ሁሉ ያዋለዱ የሚባሉት፣ ዞር ብለው ኮቱን በእጃቸው ዳሰሱት። ገበሩን ገለጥ አድርገው አዩ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ጓደኛዬ ትንፋሹን ያዘ። እኔም ያዝኩ፤ ለሳቅ ነበር።

«ልጄ፣ ይህን የት ገዛኸው? ለእኔ እንዲህ ያለ ስፈልግ ስንት ጊዜዬ ነው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የወንድ ነው» አለ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ።

«ይሁና» አሉ እትዬ። «እኔ ምን ገዶኝ!»